አባቴን ንግግሩ መሐል ላይ ስላቋረጠው አፕዴት

ለ፦ የብራውዘሩ ሞተር የለውጥና የማስወገድ ኮሚቴ፣ ለመላው ክቡራን አባላት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ላስወገዳችሁልን ነገር ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡራን ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከነቤተሰባችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? ወገባችሁን አያሳምማችሁ፣ ዐይናችሁ አይድከም፣ ጣቶቻችሁም አሥሩም እንደታዘዙ ይኑሩላችሁ። የጣቱን ነገር ለወግ ያህል ያነሣሁት እንዳይመስላችሁ፤ በእኛ ቤት ጣት እንደ ቀላል ነገር አይታይም። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ፣ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ይህችን ደብዳቤ እዚህ ለማድረስ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁ፣ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጥቤያለሁ፣ ማንም ሳያንኳኳ ሁለት ጊዜ በር ከፍቻለሁ፤ ስለዚህ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቢያነክስ በቁም የተጻፈ ነውና በትልቅነታችሁ ይቅር በሉኝ።

አታውቁኝምና ራሴን ላስተዋውቅ። በአንድ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ የምተይብ፣ የትምህርት ማስረጃ የማባዛ፣ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ ሆዱን ከፍቼ የማስለቅቅ ሴት ነኝ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከዚህም ከዚያም እየቃረምኩ የኢንተርኔት ገጽ መሥራት ተምሬያለሁ። በሕይወቴ የሠራሁት ገጽ አንድ ነው፣ ተጠቃሚውም አንድ ሰው ነው፤ አባቴ።

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት በአራሚነት ያገለገለ ሰው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሕመም መጥቶ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ እጁን፣ በመጨረሻም ምላሱን ወሰደበት። ጭንቅላቱ ያለማቋረጥ ስለሚንቀጠቀጥ አዎንታው ከእምቢታው አይለይም። የተረፈው የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት፣ ሁለት ዐይኖቹና የሰው ስሕተት ሲያይ ዕረፍት የሚያጣው ያ አእምሮው ነው። በዚያች ጣት እንዲናገር ብዬ ነው ገጹን የሠራሁለት፤ የምጽፍላችሁም እናንተ በአንድ እሑድ ጠዋት ከዚያች ጣት ሥር ስለወሰዳችሁት ነገር ነው።

የገጹን አሠራር ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ሊያነበው ይችላልና ታገሡኝ። በስክሪኑ ላይ ፊደሎች ተራ በተራ ይበራሉ። አባቴ የሚፈልጋት ፊደል ስትበራ ከጣቱ ሥር ያለችውን አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ቃሉ አልቆ ክፍት ቦታ ሲመርጥ ኮምፒውተሩ ቃሉን ጮክ ብሎ ያነበዋል። ንግግሩን ሲፈጽም ደግሞ ‹ጨረስኩ› የሚለውን ይመርጣል፣ ደወል ይደወላል። ይህችን ደወል ያስጨመረኝ ራሱ ነው። ቃሉን ከአፉ እየነጠቅን እኛው ስንጨርስለት ጊዜ፣ አንድ ቀን ‹ሳልጨርስ የሚመልስልኝ ሰው የሚነጋገረው ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከራሱ ጋር ነው› ብሎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፊደል በፊደል ተቆጣን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደወሉ ሳይደወል አፍ መክፈትም ሆነ ከመቀመጫ መነሣት በቤታችን ነውር ሆነ። እንግዳ እንኳ ደንቡን ያውቃል፤ ታች ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ‹ዕድሜዬን ሙሉ ቀይ መብራት እንዲህ አልፈራሁም› ይላል።

ፊደሎቹ የተቀመጡት ፍሬም በምትሉት፣ በገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ በምታሳይ ትንሽ መስኮት ውስጥ ነበር። አንዲት ፊደል በተጨመረች ቁጥር ገጾችን የሚከፍተው የብራውዘሩ ሞተር ለውጭው ገጽ ‹ፊደል ተጨምራለች› ብሎ መልእክት ይልካል፤ እንዲህ ያለውን መልእክት ነው ኢቨንት የምትሉት። የውጭው ገጽ መልእክቱ ሲደርሰው ፊደሏን ተቀብሎ ይጽፋል፣ ቃሉ ሲሞላም ያነባል። ሥራው ይኸው ነው። ያምራል አልልም፤ ቀለሙን አባቴ ራሱ ‹የመድኃኒት ቤት ግድግዳ› ብሎታል። ግን አምስት ዓመት አንድም ቀን ሳይታመም ሠርቷል፣ በቤታችን ለዚህ ወግ የበቃ ሌላ ማንም የለም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ፦ የፊደል መጨመርን የሚናገረውን ኢቨንት ስላስወገዳችሁት ከልብ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያችሁን ኋላ ፈልጌ እንዳነበብኩት ኢቨንቱ አሮጌ፣ ዝግተኛና ሞተሩን የሚያደክም ኖሯል፤ እሱ ከተነሣ ገጾች ሁሉ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ፈጥነው እንደሚከፈቱ ገልጻችኋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ዐሥራ አንድ ደቂቃ ለሚፈጅበት ሰው ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ማትረፍ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ እናንተም ሳይገባችሁ አይቀርም። አሁን ንግግሩ ቶሎ ያልቃል፤ አይጀመርምና።

በዚሁ ጉዳይ ያደረጋችሁትን ውይይትም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት መልእክት ነው። ከእናንተ አንዱ ‹በእውነት ይህን ነገር ዛሬም የሚጠቀም ሰው አለ?› ብሎ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ሰባት ሰው የሚስቅ ቢጫ ፊት ለጥፎበታል። ሰባታችሁንም ሳላመሰግን ማለፍ አልፈለግኩም፤ በሥራ ቦታ ሳቅ ጤና ነው።

፪ኛ፦ ‹ጥሪ› የምትል ቁልፍ ከሌላ ሰው ገጽ ተውሼ በሁለተኛ ፍሬም አስገብቼለት ነበር። አባቴ ሲመርጣት በስክሪኑ ላይ የመልእክት ሳጥን ዘው ብሎ ይወጣና ድምፅ ያሰማል፤ ውሃ ሲጠማው፣ ትራሱ ሲንሸራተት፣ ወይም ሬዲዮ ላይ የተበላሸ አነጋገር ሰምቶ ብቻውን መናደድ ሲከብደው። እናንተ ከሌላ ቤት የመጣ ፍሬም እንዲህ ያለ ሳጥን እንዳይከፍት ከለከላችሁ፤ ምክንያታችሁም አጭበርባሪዎች ሰው እንዳያስደነግጡበት ነው። ለደኅንነታችን ስላሰባችሁ እግዜር ይስጥልን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እናንተ ግን የነቀነቃችሁት ባለቤቱን ንቃችሁ ሳይሆን ጨርሶ ባለቤት ይኖረዋል ብላችሁ ስላላሰባችሁ ነውና አልቀየምም። እኔ ሥራ ስውል አባቴን የምትጠብቀው አስታማሚ በእሑዱ ማግስት፣ ሰኞ፣ ከጎን ክፍል ሆና ጥሪ ስትጠብቅ ዋለች። እሱ ሲጠራ ዋለ። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠሩ።

፫ኛ፦ ገጽ ሊዘጋ ሲል ‹ልዘጋ ነው፣ ያለህን ያዝ› የምትለዋን ኢቨንት በዚሁ እትም አሰናብታችኋታል። የአባቴ ጅምር ንግግር ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚያድረው በእሷ ነበር። አስተማማኝ አይደለችም ብላችኋል። ከሁላችን ይልቅ ታማኝ ሆና የተገኘችው እሷ ነች፣ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

፬ኛውን ለመጻፍ ትንሽ ይከብደኛል። ከማስወገዳችሁ በፊት ስንት ገጽ እንደሚጠቀምበት ቆጥራችኋል፤ ከዐሥር ሺህ ገጽ ሁለት እንኳ አይሞላም ብላችሁ በይፋ ጽፋችኋል። አባቴ ግን በቆጠራው ውስጥ የለም። የአጠቃቀም መረጃ ለእናንተ የሚልከውን ምልክት ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ ‹ያልታረመ ጽሑፍ ከማተሚያ ቤት አይወጣም› ብሎ አስጠፍቶኝ። ለክብራችን ብለን ስንሸሸግ ከቁጥር ወጣን። ማስጠንቀቂያም ሳትሰጡ አልቀራችሁም፤ ገጽ ሠሪዎች ብቻ በሚከፍቱት ጓዳ፣ በቢጫ ቀለም፣ በደቃቅ ፊደል ሦስት ዓመት ስትጽፉ ኖራችኋል። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ‹ወደፊት ይወገዳል› ይላል። ወደፊት ሩቅ መስሎኝ ዘጋሁት። ይህን የምጽፈው ጥፋቴን በእናንተ ላይ ለማላከክ እንዳልተነሣሁ እንድታውቁልኝ ነው። ምክንያት ከደጅ አይጠፋም፤ እኔ ያጣሁት ምክንያት አይደለም።

አምስተኛ የለም። ተነሥቼ ትንሽ ተንጎራድጄ መጣሁ። እሑዱን ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ደረጃ በሌለው፣ ግቢ ባለው ቤት ነው። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፤ አባቴ ፀሐይ የሚያየው በመስኮት፣ እሱም ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚያ እሑድ ጠዋት እህቴ ደውላ ‹እስኪ አባባ እኔ ዘንድ ይምጣ፤ አንቺም እኮ ሰው ነሽ፣ ትንሽ ይቅለልሽ› አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ከልቧ ነው። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ‹አባባ፣ እትዬ መጥተህ እኔ ጋ ኑር እያለችህ ነው፤ ምን ትላለህ?› አልኩት። ለእናንተ ለምን እዋሻለሁ፣ እምቢ እንዲል ነበር የጠየቅኩት። እምቢታውን ሰምቼ፣ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ፣ ለእህቴ ‹ምን ላድርግ፣ አልሄድም አለ› ልላት ነበር።

‹እህትሽ› አለ ኮምፒውተሩ። ቆየና ‹ዘንድ› አለ። ከዚያ ብዙ ቆየና ‹እሄዳለሁ› አለ።

ተነሣሁ። ደወሉ አልተደወለም። በአምስት ዓመት ውስጥ ደወሉ ሳይደወል ስነሣ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ፣ የሚታጠብ ነገር ስላልነበረ እጄን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። ሰባት ዓመት ያገላበጥኩት፣ ያጎረስኩት፣ ‹ተይ እንጂ ትዳር ያዢ› ለሚለኝ ሁሉ ‹አባቴን ማን ያይልኛል?› እያልኩ የመለስኩበት ሰው በሦስት ቃል እሄዳለሁ ሲለኝ ቅር አለኝ ብል ይቀላል፤ ተቀየምኩት።

እናንተ የመጣችሁት ያን ጊዜ ነው። ኋላ እንደደረስኩበት፣ ቧንቧው እየወረደ ሳለ ስክሪኑ ላይ ‹አዲስ እትም ደርሷል፤ አሁን ዘግተን እንክፈት?› የሚል ሳጥን አወጣችሁ። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፤ ‹እሺ› የሚለው አስቀድሞ ተመርጦ፣ አንድ ቁልፍ መነካት ብቻ ይጠብቃል። የአባቴ ፍሬም ሳጥን መክፈት ተከልክላ፣ የእናንተ ሳጥን ግን በሰው ንግግር ላይ ዘው እንድትል መፈቀዱን ለመታዘብ ጊዜ አልነበረኝም። አባቴ ያለው ቁልፍ አንድ ነው። ንግግሩን ሊቀጥል ሲጫን ለእናንተ እሺ ማለቱ ሆነ። ስለዚህ መዝገባችሁ ‹ተጠቃሚው ተስማምቷል› ቢል አልከራከርም፤ በገዛ ጣቱ ተስማምቷል።

ተመልሼ ስመጣ ስክሪኑ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ‹እንኳን ወደ አዲሱ እትም በደህና መጡ› ይላል። ገጹን ከፈትኩለት። ፊደሎቹ ይበራሉ፣ ይጫናል፣ ምንም የለም። ፊደሏ ፍሬሟ ውስጥ ቀርታ ወደ ውጭ አትወጣም። ‹ተበላሽቷል አባባ፣ ሲመቸኝ አየዋለሁ› አልኩት። ‹ሲመቸኝ› የምትለዋን ቃል አፌ ውስጥ የከተተ ኮሚቴ የለም፤ የራሴ ነች።

ከዚያ በኋላ የቀረን መነጋገሪያ ጥቅሻ ነው፤ አንድ ጊዜ አዎ፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። የጥቅሻ ክፋቱ መልሱ የተጠየቀውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ያልተጠየቀውን የሚያስገቡበት ቀዳዳ የለውም። ‹እትዬ ዘንድ ትሄዳለህ?› አልኩት። አንድ ጊዜ ጠቀሰ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጊዜ ጠቀሰ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ያርገበግበው ጀመር። ዐይኑ የደከመው መሰለኝ። ጥጥ በለብታ ውሃ ነክሬ፣ ቀስ አድርጌ፣ ሁለቱንም ዐይኖቹን ጠረግኩለት።

ሐሙስ ዕለት የእህቴ ባል፣ አናጢው፣ መኪና ይዞ መጣ። ከታች ቤቱ ሾፌር ጋር ሆነው አባቴን ከነወንበሩ ተሸክመው ሦስት ፎቅ አወረዱት። ኮምፒውተሩን ‹ጠግኜ እልከዋለሁ› ብዬ አስቀረሁት። መኪናው ውስጥ ብርድ ልብሱን አስተካክዬ ‹ደህና ሁን አባባ› አልኩት። እሱ ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም ነበር። መኪናው ከሄደ በኋላ ሾፌሩ ‹ምነው ልጄ፣ ሳይታሰብ?› ቢለኝ ‹እሱ ነው የመረጠው› ብዬው ደረጃውን ወጣሁ።

ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እየሄድኩ እየመጣሁ አየው ነበር። አቧራውን ጠርጌለታለሁ። አልከፈትኩትም።

ከዚያ እሑድ በዘጠነኛው ቀን እህቴ ደወለች። ‹አንቺ፣ ምናለ ያን ነገር ብትሠሪው? ዐይኑ እኮ አላርፍ አለ፣ ምን እንደሚል እንጃ!› አለችኝ። አፈርኩ። ኮምፒውተሩን ፎቶኮፒ ቤት ይዤ ሄጄ በምሳ ሰዓት ከፈትኩት። በተወገደው ኢቨንት ምትክ አዲሱን ለማስገባት አራት መስመር ጻፍኩ። ሥራው አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ዐሥሩ ምሳዬን የበላሁበት ነው።

ልሞክረው ብዬ ስከፍተው ኢቨንቱ ከተወገደ ጀምሮ ሊታይ ያልቻለው የመጨረሻው ጽሑፍ ብቅ አለ። ያቺ ‹ልዘጋ ነው› የምትለዋ ኢቨንት፣ አሮጌው እትም ሲዘጋ ገና ከሥራ አልተሰናበተችም ነበርና፣ በእጇ ያገኘችውን ሁሉ አስቀምጣ ነው የሄደችው። የመጨረሻ ሥራዋ ነበር። እንዲህ ይላል፦

እህትሽ ዘንድ እሄዳለሁ ግን

ከ‹ግን› በኋላ ክፍት ቦታ የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አላነበባትም፣ እኔም አልሰማኋትም። ብሰማትም ቧንቧ ከፍቼ ነበር። ክፍቱን ቦታ ሊመርጥ ሲጫን ነው እሺ ያላችሁ። አንድ ደንበኛ ‹እህት፣ ኮፒዬ አላለቀም?› ቢለኝ ‹ግን ምን?› ብዬ እንደጮኽኩበት የነገረችኝ ባልደረባዬ ነች።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። አባቴን ግቢ ውስጥ፣ አናጢው በሠራለት መከዳ ባለው ወንበር ላይ፣ ግማሽ ፊቱ ጥላ ግማሽ ፊቱ ፀሐይ ሆኖ አገኘሁት። ወዝ አግኝቷል። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፣ ደግሞም ደስ አላለኝም። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እህቴ ‹ረቡዕ ለት ፊደል ገበታ ይዤ አንድ በአንድ እየቆጠርኩለት ነበር፤ ‹ግ› ስል ጠቀሰኝ፣ ‹ግራ ነው አባባ? ወደ ግራ ላዙርህ?› ብዬ አዞርኩት። ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ዞሮ ዋለ፣ ምን እንደታየው እንጃ› አለችኝ እየሳቀች።

ኮምፒውተሩን ከፊቱ አቆምኩ፣ ቁልፏን ከጣቱ ሥር አደረግኩ። ‹አባባ፣ ያን እሑድ እሄዳለሁ ግን ብለህ ነበር። ግን ምን?› አልኩት። እንዳልነሣ ወንበሬን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ፊደሎቹ አንድ ዙር በርተው ተመለሱ፣ ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ ዙር በሩ። እኔን አየ፣ ግቢውን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ። በሦስተኛው ዙር ይጫን ጀመር፣ እኔም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጠበቅኩ።

‹ረሳሁት› አለ ኮምፒውተሩ።

የሠላሳ ዓመት የኅትመት ስሕተት ከነገጽ ቁጥሩ የሚያስታውስ ሰው ነው። እርግጥ አርጅቷልና ረስቶት ይሆናል። ወይም ‹ግን አንቺም ነይ› ሊል ነበር። ወይም ‹ግን አንቺ ስላልሽ ነው› ሊል ነበር። ወይም ‹ግን ለአንድ ወር›፣ ወይም ‹ግን ቅር እንዳይልሽ›፣ ወይም ያቺን የተሰነጠቀች ሬዲዮ እንዳልረሳለት ብቻ ሊያስጠነቅቀኝ ነበር። ምናልባት ፊቴን አይቶ፣ አሁን ቢለው ከሚጠቅመኝ የሚጎዳኝ እንደሚበልጥ መዝኖ ዋጠው። ሁለት ጊዜ ደግሜ ጠይቄዋለሁ፤ ከ‹ረሳሁት› ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛ ጊዜ ልጠይቀው ስል እህቴ በእግሯ ነካችኝ። ይኸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት በረንዳ እየተመላለስኩ ያን ዓረፍተ ነገር እጨርሳለሁ፤ በየቀኑ በሌላ ቃል ያልቃል።

ክቡራን ሆይ፤ አሮጌ ነገር አይነሣ የሚል ክርክር የለኝም። አባቴም ሠላሳ አራት ዓመት ትርፍ ቃል ሲሰርዝ የኖረ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው ከእናንተ መጥረጊያ አይተናነስም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቃል ከመሰረዙ በፊት ደራሲውን ያስጠራ ነበር፤ ደራሲው ገጠር ከሆነ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፣ ደብዳቤው ካልተመለሰ ቃሉን ይተወዋል። ማተሚያ ቤቱ በዝግተኛነቱ ሁለት ጊዜ ገሥጾታል። አለቃ አድርጎ የሾመው እንደ እናንተ ያሉ ፈጣን ሰዎችን እንጂ እሱን አይደለም።

ኢቨንቱን መልሱልኝ አልልም፣ ተክቼዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እኔም የፈሰሰውን እየለቀምኩ ነው፤ ያላገኘሁት አንዲት ቃልና ከእሷ በኋላ የነበረውን ነው። ደግሞም ሒሳቡን በትክክል ካስቀመጥነው፣ እናንተ የወሰዳችሁት አንድ ደቂቃ ነው፤ ዘጠኙን ቀን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሥራው የአርባ ደቂቃ ነበር። ይህን ለእህቴም ለሾፌሩም አልነገርኩም። ለእናንተ የነገርኳችሁ መልስ እንደማትሰጡ ስለማውቅ ነው።

ሞተራችሁ እንደ ነፋስ ይፍጠን፣ ሳጥናችሁ የሁሉንም እሺታ ይሰብስብ፣ የምታስወግዱት አይጥፋችሁ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

በቆጠራችሁ ያልተገኘች አክባሪያችሁ፣
የፎቶኮፒ ቤት ሠራተኛዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በአስተያየት መቀበያ ገጻችሁ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ቅጹ የተሠራው በፍሬም ኖሮ በእናንተው አዲስ እትም አልከፈት አለኝ፤ ባዶ ነጭ ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከሳጥኑ ሥር ‹በዚህ ለውጥ ላይ እስካሁን የቀረበ ቅሬታ የለም› የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እንኳን ደስ ያላችሁ።